ወግ አጥባቂዎቹ ከሰማይ ዱብ አላሉም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣
ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው እትማችሁ ስለ አሜሪካ ወግ አጥባቂዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ያነበብኩት እሁድ ጠዋት የእድራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ነው፣ ሰው እስኪሞላ መዝገቡን ከፍቼ ቁጭ ብዬ ማለት ነው፣ እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። ጽሑፉ ከትራምፕ ተነስቶ በትራምፕ ነው የሚያልቀው። አሜሪካ ደህና አምሽታ ተኝታ በማግስቱ ወግ አጥባቂ ሆና ነቃች ነው የሚመስለው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ድሮ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ የተሸነፈውን ጎልድዋተርን በጨረፍታ ያነሳዋል፣ እሱንም "የቴክሳስ ሴናተር" ብሎ ያልፋል። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ጋዜጣውን ተቀብለውኝ እስከመጨረሻው አነበቡና "እንዴ፣ አንድ ሰውዬ ብቻውን ይሄን ሁሉ?" አሉኝ። ጸሐፊውን አላውቃቸውም፣ ደህና ሰው ይሆናሉ፣ ግን ይሄ ነገር እኮ ስንትና ስንት ዓመት ተለፍቶበታል፣ እንደዚህ በሩጫ አይነገርም።

እኔ ምሁር አይደለሁም፣ ጡረታ እስክወጣ ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፣ ቤቴ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ነው፣ ማታ ንፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳው እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የማነበው ይሄንን ይሄንን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ቃሉ ራሱ ያሳስታል። ወግ አጥባቂ ሲባል እኛ ቶሎ የሚመጣልን ጋቢ የደረቡ፣ ልጅ ሲያፏጭ የሚቆጡ አባት ናቸው። የአሜሪካኖቹን ግን የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ሚኒባስ ውስጥ ታጭቀው እንደሚሄዱ ቁጠሩት። አንዱ ግብር ያማረረው ነጋዴ ነው፣ አንዱ ኮሚኒስት መጣብን ብሎ እንቅልፍ ያጣ ነው፣ ሌላው ደግሞ ሃይማኖቴና ትዳሬ ተነካ የሚል። እነዚህ በባህሪያቸው አይስማሙም እኮ፣ ነጋዴው ትርፍ ካለው እሁድም ሱቁን ይከፍታል፣ ሰንበት ምናምን አይልም። አንድ ላይ ተሳፈሩ፣ መንገዳችን አንድ ነው እያለ ሲያግባባቸው የኖረው ዊሊያም ባክሊ የሚባል ሰው ነው፣ በ1955 ናሽናል ሪቪው የሚባለውን መጽሔት ሲያወጣ ሰላሳ ዓመት ሊሞላው ቀናት ይቀሩት ነበር። ያኔ እንደሱ የሚያስብ ሰው በጣም ጥቂት ነው፣ የነሱው የሪፐብሊካን ፓርቲ ሰው የሆነው አይዘንሃወር እንኳን ፕሬዚዳንት ሆኖ የመጨረሻው የገቢ ግብር እርከን 91 በመቶ ነበር፣ ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የተከለውን የጡረታ ሥርዓትም አልነካውም፣ እንዲያውም አሰፋው።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይሄ መንግሥትን የጠላ ሕዝብ ማን አሳደገው የሚለው ነው። መንግሥት ነው ያሳደገው! በ1944 ከጦርነት ለሚመለሱ ወታደሮች ሕግ ወጣ፣ ኮሌጅ ልማር ላለው ክፍያውን መንግሥት ቻለለት፣ ቤት ልግዛ ላለው ባንክ እንዲያበድረው መንግሥት ዋስ ሆነለት። በ1947 ኒውዮርክ አጠገብ ሎንግ አይላንድ ላይ ድንች ይዘራበት የነበረ መሬት ላይ ሌቪታውን የሚባል ሰፈር ተጀመረ፣ የቤቱ ሥራ 26 ቦታ ተከፋፍሎ አንዱ ቡድን ምስማር መትቶ ሲያልፍ ሌላው ቀለም እየቀባ ይከተላል፣ ሥራው በጦፈበት ጊዜ በቀን ሰላሳ ቤት ያህል ያወጡ ነበር። ውሉ ላይ ግን ከነጭ በቀር ማንም እንዳይኖርበት የሚል ተጽፎበታል። አብሮ የዘመተው ጥቁር ወታደር ሕጉ በወረቀት ለሱም ነው፣ ባንኩ ጋ ሲሄድ ግን የለም። ከዛ በ1956 ደግሞ የትልልቆቹ አውራ ጎዳናዎች ሕግ ወጣ፣ ከነዛ ሰፈሮች ወደ ከተማ የሚያመላልሰውን መንገድ በአብዛኛው የሠራው የፌዴራል መንግሥቱ ገንዘብ ነው።

ካሊፎርኒያ ኦሬንጅ ካውንቲን ብታዩት ደግሞ ይብሳል። ሰውየው ኢንጂነር ነው፣ የሚሠራው ለጦር ኃይሉ ሚሳኤልና የአውሮፕላን ዕቃ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ ደሞዙ ዞሮ ዞሮ ከዋሽንግተን ነው የሚመጣው። ማታ ቤቱ ገብቶ ግን ሚስቱ ጎረቤት ጠርታ ቡና አፍልታ መንግሥት እንዴት እንደሚቀነስ ይወያያሉ። የበሉበትን ወጪት ሰባሪ ሊባሉ ይችላሉ፣ እኔም መጀመሪያ እንደዛ ነበር ያልኩት፣ በኋላ ግን ሳስበው ሰው ቤቱን በራሱ ላብ ነው የሠራሁት ብሎ ነው የሚያምነው፣ ዋስ የሆነውን አያስታውስም፣ ማንኛችንም ብንሆን።

ኮሚኒዝሙን ብዙ አልሄድበትም፣ ሰዉን ሁሉ ኮሚኒስት ነህ እያለ ያሳድድ የነበረውን ሴናተር ማካርቲን ሁሉም ያውቀዋል፣ በ1954 የራሱ ሴኔት 67 ለ22 አወገዘውና ከዛ በኋላ ሰው አልሆነም። አንድ አስቂኝ ነገር ብቻ ላንሳ፣ በ1958 ጆን በርች የሚባለውን የጸረ ኮሚኒስቶች ማኅበር የመሠረተው ሮበርት ዌልች አይዘንሃወር ራሱ እያወቀ ለኮሚኒስቶች የሚሠራ ሰው ነው ብሎ የጻፈ ሰውዬ ነው። ሂትለርን ያሸነፈውን ጄኔራል! እኛ ደርግ ዘመን ቀበሌ ውይይት ላይ "አድኃሪ" እየተባለ ሰው ሲመነጠር ስላየን ነገሩ አዲስ አይሆንብንም፣ አቅጣጫው ብቻ ነው የተገለበጠው። ባክሊ በ1962 ይሄ ሰውዬ ሊያስጠፋን ነው ብሎ በመጽሔቱ ላይ ለየት አደረገው፣ የማኅበሩን አባሎች ግን ለማስቀየም አልደፈረም፣ ምክንያቱም መጽሔቱን የሚገዙት እነሱ ናቸው።

ደግሞ እኛም አለንበት። በ1977 ካርተር በሰብአዊ መብት ምክንያት ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን ወታደራዊ ርዳታ ሲቀንስ ደርግ ወደ ሞስኮ ዞረ፣ ሶማሊያ ኦጋዴን ገባች፣ የሶቪየት መሣሪያና የኩባ ጦር መጣ። ይሄ ዋሽንግተን ውስጥ "አላልናችሁም፣ ራሺያ እየገፋች ነው" ለሚሉት ትልቅ ማስረጃ ሆነላቸው። የካርተር የራሱ አማካሪ ብሬዜንስኪ ከሶቪየት ጋር የታሰበው የኒውክሌር መሣሪያ ስምምነት ኦጋዴን አሸዋ ውስጥ ተቀበረ ብሎ ጽፏል። ይሄን ሳነብ ጋዜጣውን ሳይሆን መስኮቱን ነው ያየሁት፣ ያኔ የሚሊሻው መኪና በናዝሬት በኩል ወደ ሐረር ሲያልፍ ልጆች ሆነን እጃችንን እያውለበለብን ቆመን ነበር፣ አሜሪካ ውስጥ ማን ምርጫ እንደሚያሸንፍ ነገሩ ውስጥ እንዳለ ማን ያውቃል።

እና 1964። ጎልድዋተር የአሪዞና ሴናተር ነው፣ በዛ ዓመት የሪፐብሊካን የፕሬዚዳንት እጩ፣ ቤተሰቡ ትልቅ ልብስ መሸጫ የነበረው፣ ፊት ለፊት የሚናገር ሰው። ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ቀጠቀጠው፣ በወኪል መራጮች ድምፅ 486 ለ52፣ ያሸነፈው ስድስት ክፍለ ሀገር ብቻ ነው። ጋዜጦቹ ሁሉ ወግ አጥባቂነት ሞቶ ተቀበረ አሉ፣ ድንኳን ጥለው ለቅሶ መቀመጥ ነው የቀራቸው። ግን 27 ሚሊዮን ሰው መርጦታል እኮ። እነዛ ሰዎች የት ገቡ? ሪቻርድ ቪገሪ የሚባል ወጣት ምን አደረገ መሰላችሁ፣ ለጎልድዋተር ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች ስምና አድራሻ በሕጉ መሠረት ምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት መቀመጥ ስላለበት እዛ ሄዶ ቁጭ ብሎ በእጁ ገለበጠው። በእጁ! በኋላ ሲደክመው ሌሎች ሰዎች ቀጥሮ አስገለበጠ። ከዛ ለነዛ ሰዎች በፖስታ ደብዳቤ እየላከ አስር ዶላር፣ ሃያ ዶላር ማሰባሰብ ጀመረ፣ የሰጠውን ስም ለብቻ፣ ያልሰጠውን ለብቻ፣ ስለ ጦር መሣሪያ ሲጻፍለት የሚሰጠውን ለብቻ፣ ስለ ትምህርት ቤት ሲጻፍለት የሚሰጠውን ለብቻ።

ይሄን የእድር ጸሐፊ ሲያነበው ሌላ ነው። እኔ መዝገቤን ስገልጥ ማን ሳይጠራ እንደሚመጣ፣ ማን ቅጣት እስኪጣልበት እንደማይከፍል፣ ማን ለለቅሶ እንጂ ለስብሰባ እንደማይመጣ አውቃለሁ፣ ሊቀመንበሩ አያውቅም፣ እኔ አውቃለሁ። ከአራት ዓመት በፊት አዲስ ድንኳን ይገዛ ወይስ የድሮው ይጠገን ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ ይጠገን ያሉት አስራ አንድ ሰዎች ብቻ ነበሩ፣ ተሸነፉ፣ ድንኳኑ ተገዛ፣ እኛም ረሳናቸው። በዓመቱ የወር መዋጮ ይጨመር የሚል ሐሳብ ሲቀርብ አስራ አንዱ ለካ ዓመቱን ሙሉ በየቤቱ ቡና ሲጠጡ ነው የከረሙት፣ ስብሰባ መጥቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ መጣ፣ እጅ ሲወጣ ቆጥሬ ቆጥሬ ደከመኝ፣ መዋጮው ወደቀ። የድንኳኑ ዕዳ እስከዛሬ አለብን። ስለዚህ ለኔ 1964 የሽንፈት ዓመት ሳይሆን መዝገብ የተከፈተበት ዓመት ነው፣ ጸሐፊው ይሄን ስለዘለሉት ነው የቀረው ሁሉ ተአምር የመሰላቸው።

የዛኑ ዓመት ኦክቶበር 27 ደግሞ አንድ የፊልም ተዋናይ ስለ ጎልድዋተር በቲቪ ንግግር አደረገ፣ ጎልድዋተርን አላዳነውም፣ ተናጋሪውን ግን ሰው አየው። ሬገን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ካሊፎርኒያን ሚሊዮን በሚጠጋ የድምፅ ልዩነት ወስዶ ገዥ ሆነ። የሚገርመው ሰውየው ለሩዝቬልት አራቴ ድምፅ የሰጠ፣ የተዋንያን ማኅበር ሊቀመንበር ሆኖ የሥራ ማቆም አድማ የመራ ዴሞክራት ነበር።

አሁን ብዙ ሰው መንካት የማይፈልገው ላይ ልምጣ፣ የዘር ነገር። ደቡቡ ከሊንከን ጦርነት ጀምሮ ሪፐብሊካን የሚባል ስም መስማት የማይፈልግ ሀገር ነው። ጎልድዋተር በ1964 የዘር መድልዎን የሚከለክለውን የሲቪል መብት ሕግ ሴኔት ላይ ተቃውሞ ድምፅ ሰጠ፣ የግል ንግድ ቤት ውስጥ መንግሥት ምን አገባው ነው ክርክሩ፣ ራሱ ዘረኛ አልነበረም የሚሉ አሉ፣ ይሁን። ግን ከራሱ አሪዞና ሌላ ያሸነፋቸው አምስቱ ሉዊዚያና፣ ሚሲሲፒ፣ አላባማ፣ ጆርጂያና ደቡብ ካሮላይና ናቸው፣ ሚሲሲፒ ላይ 87 በመቶ ነው ያገኘው፣ ያኔ እዛ አብዛኛው ጥቁር ለመምረጥ መመዝገብ እንኳን አይችልም ነበር። ጆርጂያ ከዛ በፊት ሪፐብሊካን መርጣ አታውቅም። ይሄ ሁሉ ስለ ግብር ነው የሚል ካለ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና አልቀበለውም። በ1968 ደግሞ ነጭና ጥቁር አይቀላቀል ሲል የኖረው ጆርጅ ዋላስ ለብቻው ተወዳድሮ አምስት የደቡብ ክፍለ ሀገር ወሰደ፣ ሪፐብሊካኑ ኒክሰን ያንን አይቶ የዋላስን ሰዎች እንዴት ወደኔ ላምጣ እያለ ነው የሠራው፣ ስድብ ሳይሳደብ፣ "ሕግና ሥርዓት" እያለ፣ በ1969 ደግሞ "ዝምተኛው ብዙኃን" እያለ። ደቡብ ብቻ እንዳይመስላችሁ ደግሞ፣ በ1974 ቦስተን ላይ ፍርድ ቤት ነጭና ጥቁር ተማሪ በአውቶቡስ እየተመላለሰ አብሮ ይማር ሲል በድንጋይ አውቶቡስ የደበደቡት ዕድሜ ልካቸውን ዴሞክራት የመረጡ ሰዎች ናቸው። በሌላ በኩል ደግሞ ሁሉም ነገር ዘረኝነት ነው፣ ሌላ የለም የሚሉት የባለቤቴን ጥያቄ አይመልሱም። "እና ሴቶቹ ምን ሆነው ነው?" አለችኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1972 የአሜሪካ ምክር ቤት የሴትና የወንድ እኩልነት ሕገ መንግሥት ውስጥ ይግባ ብሎ አሳለፈ፣ 38 ክፍለ ሀገር ካጸደቀው ያልቃል፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ 35 ደረሰ፣ አለቀ ተባለ። ፊሊስ ሽላፍሊ የምትባል የስድስት ልጆች እናት ተነሳች። ሴት ልጆቻችን ለውትድርና ይመለመላሉ፣ ባል ሚስቱን የማስተዳደር ግዴታው ይቀራል እያለች የቤት እመቤቶችን አሰባሰበች፣ እና ሴቶቹ የኢሊኖይ ምክር ቤት ድረስ ቤታቸው የጋገሩትን ዳቦ ይዘው ሄደው ለተመራጮቹ አደሏቸው። በዳቦ! በ1982 ቀነ ገደቡ አለፈ፣ 35 ላይ ቀረ። ሴትየዋ ራሷ ሕግ የተማረች፣ መጽሐፍ የጻፈች፣ ለምክር ቤት የተወዳደረች፣ ቤቷ ቁጭ ብላ የማታውቅ ነበረች፣ ባለቤቴ ይሄን ስነግራት "ታዲያ ልጆቹን ማን ያዘላት?" ብላ ወጥ ልታማስል ሄደች።

ግን ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው የቤት ግብሩ ነው፣ ምክንያቱም ደርሶብኛል። አምና የጣራና ግድግዳ ግብር ይሻሻላል ተብሎ ከአንድ መሥሪያ ቤት ቤት የሚለካ ልጅ መጣ። ቤቴን በሃያ ዓመት ነው የሠራሁት፣ አንድ ዓመት መሠረት፣ አንድ ዓመት ብሎኬት፣ እቁብ ሲደርሰኝ ቆርቆሮ። ልጁ ግቢ እንኳን አልገባም፣ በር ላይ ቆሞ ስልኩን እየነካካ በዓይኑ ለካ፣ ጓሮ ያለውን የዶሮ ቤት አንድ ክፍል ብሎ ቆጠረው። የዶሮ ቤት ነው ስለው "ቆርቆሮ አለው አይደል?" አለኝ። አለው፣ ምን ልበል። ጡረታዬ ደግሞ ያው ጡረታ ነው፣ ቤቱ ውድ ሆነ ብለው ሲነግሩኝ እኔ ቤቱን አልበላው።

ካሊፎርኒያም የሆነው ይሄው ነው። በሰባዎቹ የቤት ዋጋ በየዓመቱ እየተተኮሰ ግምቱ ሲታደስ ብድሩን ከፍሎ የጨረሰ ጡረተኛ ድንገት የማይችለው ደረሰኝ ይመጣበት ጀመር፣ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ካዝና ደግሞ ትርፍ ሞልቶት ተቀምጧል። ሃዋርድ ጃርቪስ የሚባል ሰባውን ያለፈ ሰውዬ ከሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባስቦ ጁን 6 ቀን 1978 ሕዝበ ውሳኔ አስደረገ፣ ፕሮፖዚሽን 13 ይሉታል፣ ወደ 65 በመቶ ሰው ደገፈው። ግብሩ ከቤቱ ግምት ከ1 በመቶ አይበልጥም፣ ግምቱ ወደ 1975 ዋጋ ይመለስ፣ ከዛ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ አይጨምር፣ ቤቱ ካልተሸጠ በስተቀር። ዶሮ ቤት የለ ምን የለ። እኔ ብሆን ሁለቴ እመርጠው ነበር።

ያመጣው ጣጣ ግን በኋላ ነው የታየው። ጎን ለጎን ያሉ አንድ ዓይነት ቤቶች፣ አንዱ ድሮ የገዛ ሽማግሌ፣ አንዱ አሁን የገዛ ባለ ልጅ ወጣት፣ ወጣቱ የሽማግሌውን ብዙ እጥፍ ይከፍላል። ሕጉ ለጡረተኛው ተብሎ ነው የወጣው፣ ግን ትልልቅ ኩባንያዎችም ፎቆቻቸው በድሮ ዋጋ ተቆጠረላቸው፣ እነሱ ደግሞ አይሞቱ፣ ንብረታቸውንም ቶሎ አይሸጡ። ትምህርት ቤቱና ቤተ መጻሕፍቱ ገንዘብ ሲያጥራቸው ደግሞ ወሳኙ የሰፈሩ ምክር ቤት መሆኑ ቀርቶ ዋና ከተማው ሳክራሜንቶ ሆነ፣ መንግሥት ይራቅ ብለው የመረጡ ሰዎች ቁልፉን ራሳቸው አርቀው አስቀመጡት። ብቻ ፖለቲከኞቹ የሰሙት ሌላውን ነው፣ ግብር የሚቀንስ ያሸንፋል የሚለውን።

ከዛ ያለውን ታውቁታላችሁ፣ ቶሎ ቶሎ ልሂድበት። በ1976 ካርተርን፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምረውን ባፕቲስት፣ ብዙ አማኝ መርጦት ነበር፣ በውርጃውም፣ የሃይማኖት የግል ትምህርት ቤቶች ከግብር ነጻ መሆናቸው በመነካቱም ቅር አላቸው፣ በ1979 ጄሪ ፋልዌል የሚባል ሰባኪ ሞራል ማጆሪቲ የሚባለውን የአማኞች የፖለቲካ ማኅበር አቋቋመ፣ በ1980 የዋጋ ንረቱ 13.5 በመቶ ገባ፣ ቴህራን ላይ 52 አሜሪካዊ ታግቷል፣ ሬገን 44 ክፍለ ሀገር ጠርጎ ወሰደ። ያ የድሮ የማኅበር ሊቀመንበር በ1981 አድማ የመቱ ከ11 ሺህ በላይ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችን አባረረ። ትልቁን የገቢ ግብር ከ70 ወደ 28 በመቶ አወረደው፣ የሀገሪቱ ዕዳ ደግሞ በሱ ጊዜ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። መንግሥት ይቀነስ ሲል የነበረ ሰው ማለት ነው፣ ሒሳቡን ሳየው እጄን አፌ ላይ ነው የጫንኩት።

የባለቤቴ ወንድም ቨርጂኒያ ነው ያለው፣ ዲቪ ደርሶት ሄዶ ታክሲ ይነዳል፣ ሪፐብሊካን ነው የሚመርጠው፣ በዚህ በየሳምንቱ በስልክ እንጣላለን። ለምን ስለው ያነሳልኝ ትራምፕን አይደለም፣ መኪናውን ነው። "ጋሼ፣ መኪናዋን ስገዛ ታክስ ከፍያለሁ፣ አሁን ደግሞ ግቢዬ ስለቆመች ብቻ በየዓመቱ ክፈል ይሉኛል!" እውነቱን ነው፣ ቨርጂኒያ የመኪና ንብረት ግብር አለ፣ በ1997 ጂም ጊልሞር የሚባል ሪፐብሊካን ይሄን አጠፋለሁ ብሎ ብቻ ነው ገዥ ሆኖ የተመረጠው ማለት ይቻላል፣ እስከዛሬ ግን ተቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ባለፈው ዲቪን ያመጣውን ሕግ ማን ፈረመው አልኩት። "ክሊንተን ነዋ" አለ። በ1990 ሪፐብሊካኑ ትልቁ ቡሽ ነው የፈረመው ስለው ለአፍታ ዝም ብሎ "በል ለእትዬ እንዳትነግራት" ብሎ ሳቀ፣ ምክንያቱም እሷ ሪፐብሊካን ስደተኛ ጠላ ነው እያለች ነው የምትከራከረው። ነገርኳት፣ እሷም ሳቀች፣ "ያኔማ ሌላ ሰዎች ነበሩ" አለች። እሱም ክርክር ነው።

ስለዚህ ጸሐፊውን የምለምናቸው ሌላ ጊዜ ሲጽፉ ከስም መዝገቡና ከዳቦው እንዲጀምሩ ነው። ጎልድዋተርንም በሚቀጥለው እትም የአሪዞና ብላችሁ ብታስተካክሉልን፣ ሽማግሌው ቆርጠው ኪሳቸው ውስጥ ይዘውታል፣ የሚመጣው ወር ስብሰባ ላይ ይጠይቁኛል። የኔ የዶሮ ቤት ጉዳይ ገና ነው፣ አቤቱታዬን ተቀብለው ማክሰኞ ተመለስ ብለውኛል።

የእድር ጸሐፊው፣ ከአዳማ